በወረርሽኝ ጊዜ ደንብ የጣሰ ሰው ምን ይቀጣ?

ተረኛዋ
ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ ከያዝኩት ቆይቻለሁ። ዛሬ እዚህ ላውጣውና የእናንተን ልስማ።

ነርስ ነኝ። በኮቪድ ጊዜ ከአልጋ ክፍል አንስተው ስልክ ላይ መደቡኝ። ቫይረሱ የተገኘባቸውን ሰዎች እየደወልኩ ከማን ጋር እንደቆዩ እጠይቅ ነበር። የንክኪ ክትትል የሚባለው ሥራ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማዳመጫ፣ አንድ ረጅም የስም ዝርዝር። ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ነው።

አንድ ሰውዬ ከአእምሮዬ አይወጣም። ደወልኩለት፤ ውጤቱን ነገርኩት። «እሺ» አለኝ፣ ረጋ ባለ ድምፅ። «ቤት ውስጥ አብሮዎት የሚኖር ሰው አለ?» አልኩት። «የለም፣ ብቻዬን ነኝ» አለ። ይህን ሲለኝ ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል። ሌላ ልጅ ደግሞ «አባዬ! አባዬ!» እያለ ይጣራል። እኔም ሰማሁ፣ እሱም መስማቴን አወቀ። ሁለታችንም ዝም አልን። ቆይቶ ቀስ ብሎ «የጎረቤት ልጆች ናቸው» አለኝ።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ፈርቶ ነው። አብረውኝ የሚኖሩ አሉ ካለ ሁሉም አብረው ሊዘጋባቸው ነው። ከወጡ ደግሞ መቀጮ አለ። መቀጮው ከዚያ ሳምንት በፊት ጨምሮ ነበር። ከመጨመሩ በፊት የምደውልላቸው ሰዎች አምስት ስድስት ስም ይሰጡኝ ነበር። ከጨመረ በኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ ጊዜም «ማንም»። እኔ የምደውለው ሰዎቹን ለማትረፍ ነው። እነሱ ግን ስልኬ ሲጠራ የሚታያቸው የመቀጮ ወረቀት ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ እዚያው አልጋ ክፍል ሳለሁ ያየሁትን አይቻለሁ። ውጤቱን አውቆ ድግስ የሄደ ሰው አለ። ከዚያ ድግስ የመጡ በሽተኞች ተቀብያለሁ። ስለዚህ «ቅጣት አያስፈልግም» ለማለት አፌ አይደፍርም።

ምን ትላላችሁ? መቅጣት ያስፈልጋል? ካስፈለገስ ማንን፣ በምን? ሌላ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም። በድንጋጤ መሀል ሕግ ከማውጣት አሁን በሰከነ ልብ ብንነጋገር ይሻላል።


ማዕዶት
ሰኞ፣ ማታ 4፡15

እህቴ፣ ስለጻፍሽው አመሰግንሻለሁ። እኔ ግን የቆምኩት በሌላኛው በኩል ነው።

አባቴን ያጣሁት በዚህ በሽታ ነው። 61 ዓመቱ ነበር። አብሮት የሚሠራ አንድ ሰው ትኩሳት ነበረው። ተመርምሮ ውጤት እየጠበቀ ነበር። «ቤትህ ቆይ» ተብሏል። እሱ ግን ሥራ ገባ። ሦስት ቀን ከአባቴ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አራተኛው ቀን ላይ ውጤቱ ደረሰው። አባቴ ያን ዕለት ማታ ማሳል ጀመረ።

በ19ኛው ቀን አረፈ። ሳንሰናበተው። ቀብሩ ላይ አሥር ሰው ብቻ ነበርን፣ ተራርቀን ቆመን። ያ ሰው ዛሬም ሥራው ላይ አለ። አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም።

ሰክሮ መኪና የነዳ ሰው ሰው ቢገድል ይታሰራል። «አላሰብኩም ነበር» ቢል አያድነውም። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጥርስ የሌለው ሕግ ምክር ነው። ምክር ደግሞ አባቴን አላዳነውም።


አንቀጽ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ማዕዶት፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። የምጽፈው ሐዘንሽን ለመከራከር አይደለም።

ሕግ ነው ያጠናሁት። ይህን ጉዳይ ለብቻዬ ስከታተለው ቆይቻለሁና የማውቀውን ላካፍል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በወረርሽኝ ጊዜ መቅጣት አዲስ ነገር አይደለም። ሁሌ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ጉዳይ አለ። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ካምብሪጅ ከተማ፣ ፈንጣጣ ገብቶ ሁሉም አዋቂ እንዲከተብ ታዘዘ። ሄኒንግ ጃኮብሰን የሚባል ፓስተር አልከተብም አለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1905 በ7 ለ2 ድምፅ ፈረደበት። የጋራ ጤናን ለመጠበቅ ሲባል የአንድን ሰው ነፃነት በልኩ መገደብ ይቻላል አለ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ቅጣቱን ነው። 5 ዶላር ነበር። ማንም እጁን ይዞ በግድ አልወጋውም። ፍርዱ የቆመው በዚያች ትንሽ መቀጮ ላይ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1918 መጣ፣ የኅዳር በሽታ ዘመን። ሳን ፍራንሲስኮ ማስክ አስገዳጅ አደረገች። ያላደረገ ከ5 እስከ 100 ዶላር ይከፍላል ወይም እስከ 10 ቀን ይታሰራል። ብዙ ሰው ታሰረ። በኋላ የከተማዋ ከንቲባና የጤና ኃላፊው ራሳቸው ቦክስ ሊያዩ ገብተው ያለ ማስክ ፎቶ ተነሡ። ሁለቱም ተቀጡ። ከንቲባው 50 ዶላር፣ የጤና ኃላፊው 5 ዶላር። ይህን ታሪክ ያነሣሁት በኋላ ስለምመለስበት ነው።

አሁን ወደ ኮቪድ ልምጣ። ብዙ አገር የቀጣው በችኮላ ነው። ችኮላው በኋላ ዋጋ አስከፈለ። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከ62 ሺህ በላይ የመቀጮ ወረቀት ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ2022 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ወረቀቶቹ ሰውየው ምን እንዳጠፋ በቅጡ አይገልጹም ተባለ። ከ33 ሺህ በላይ መቀጮ ባንድ ጊዜ ተሰረዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀሩትም ከ23 ሺህ በላይ የሚሆኑት ተሰረዙ። በስፔን ከ1 ሚሊዮን በላይ ቅጣት ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መጀመሪያ የታወጀው ቤት የመቀመጥ ትእዛዝ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ፣ በ6 ለ5 ድምፅ። በእንግሊዝ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 መዝገቡን መልሶ ሲያይ በኮሮናቫይረስ ሕጉ ከተከሰሱት 44 ሰዎች 44ቱም በስህተት ነበር የተከሰሱት። ልብ በሉ፣ አንድም ትክክል የለም።

ማዕዶት ለጠየቅሽው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። አዎ፣ እያወቀ ሰው ላይ አደጋ የጣለ መጠየቅ አለበት። ግን ሕግ አንድ ነገር ማረጋገጥ አለበት፦ ማን ከማን ተያዘ? በሰካራሙ ሹፌር ጉዳይ መኪናው አለ፣ መንገዱ አለ። በትንፋሽ በሚተላለፍ በሽታ ግን አባትሽ አውቶቡስ ላይ ተይዞ ሊሆን ይችላል ብሎ ማንኛውም ጠበቃ ይከራከራል። ለዚህ ነው አገሮች «ሰው ገደልክ» ብለው ከመክሰስ ይልቅ «ተለይተህ ቆይ ስትባል ወጣህ» በሚለው የቀጡት። ጥፋቱ መውጣቱ ነው። ውጤቱን ማስረዳት አያስፈልግም።


ሰላምታ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡30

የታይዋኑን ያነሣ የለም? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ካኦሲዩንግ በሚባል ከተማ አንድ ፊሊፒናዊ ሠራተኛ በለይቶ ማቆያ ሆቴል ነበር። ከክፍሉ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። 8 ሰከንድ። ካሜራ ያዘው። 100 ሺህ የታይዋን ዶላር ተቀጣ። ያኔ ወደ 3,500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው።

ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ግን ሌላኛውን ጎኑንም ማየት አለብን። ታይዋን ለይቶ ማቆያ ገብቶ ደንቡን ላከበረ ሰው በቀን 1,000 የታይዋን ዶላር ካሳ ትከፍል ነበር። በየቀኑ የሚደውል ሰው አለ። ምግብ የሚያመጣ አለ። በዚያ ዓመት ብዙ አገር ከቤት ሳይወጣ ሲከርም እዚያ ትምህርት ቤት አልተዘጋም ማለት ይቻላል።

ለእኔ ትምህርቱ ይህ ነው። ከባድ ቅጣት የሚያምርበት አስቀድሞ የሰውየውን ሆድ ለጠየቀ መንግሥት ነው።


ጡረተኛው
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት የፖሊስ ልብስ ለብሻለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በወረርሽኙ ላይ ወደቁ። በቅጣቱ ጉዳይ ብዙ ሰው ይናገራል፤ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን ሲናገር አልሰማሁም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

ደንቡ የሚለወጠው ዓርብ ማታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እኛ መንገድ ላይ ነን። ጽሑፉ እጃችን አልገባም። እኛም እንደ ሕዝቡ ከዜና ነው የምንሰማው። አንዱ «አራት ሰው ይፈቀዳል» ይላል፣ ሌላው «ሁለት» ይላል። ሰው አስቁመን ራሳችን እንከራከራለን።

አንድ ምሽት አንድ ጎረምሳ አስቆምኩ። ሰዓት እላፊው ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኗል። በእጁ ትንሽ ፌስታል ይዟል። «ለእናቴ ነው» አለኝ። ፌስታሉን ከፈተው። የአስም መንፊያ ነው፣ ከነደረሰኙ። ደረሰኙ ላይ ሰዓቱ ታትሟል። ልጁ ከፋርማሲው ወጥቶ በእግሩ እየሮጠ ነው የመጣው፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ደንቡን አሰብኩት። «አስቸኳይ ሕክምና» ይላል። መድኃኒት መግዛት ይግባ አይግባ የሚል ቃል የለውም። «ሂድ ልጄ፣ ፍጠን» አልኩት።

ሁለት መንገድ አልፎ ሌላ ኬላ ነበር። እዚያ ያለው ባልደረባዬ ቀጣው። አንድ ልጅ፣ አንድ ፌስታል፣ አንድ ምሽት። እኔ ለቀቅኩት፣ እሱ ቀጣው። ባልደረባዬ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱ ያነበበው ሌላ፣ እኔ ያነበብኩት ሌላ። በማግስቱ የልጁ አባት ጣቢያ መጥቶ «ሕጉ የቱ ነው?» ሲል መልስ አልነበረኝም። አንገቴን ደፋሁ።

በእንግሊዝ ለፖሊሶች የተሰጠ መመሪያ ነበር። መጀመሪያ ሰውየውን አናግር፣ ቀጥለህ አስረዳው፣ ከዚያ አበረታታው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ቅጣ። እጅግ የወደድኩት መመሪያ ነው። እዚያም ግን ሁልጊዜ አልተከበረም። እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2021 በደርቢሸር ሁለት ሴቶች ቡና ይዘው በእግር ሲንሸራሸሩ በነፍስ ወከፍ 200 ፓውንድ ተቀጡ። ቡናው እንደ ሽርሽር ተቆጠረባቸው። በኋላ ቅጣቱ ተነሣላቸው፣ ፖሊስም ይቅርታ ጠየቀ። ሕግ ግልጽ ካልሆነ ዳኛው መንገድ ላይ የቆመው ፖሊስ ይሆናል። እኛ ለዚያ አልተማርንም።


መሰላል
ማክሰኞ፣ ሌሊት 6፡50

ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ማዕዶት፣ በተለይ ለአንቺ ነው።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። የቀን ሥራ ነው። ከሠራሁ እበላለሁ፣ ካልሠራሁ የለም። ቫይረሱ ተገኘብኝ። አሥር ቀን ቤት ተቀመጥ ተባልኩ። የሚከፍለኝ የለም። አሠሪው «ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለኝ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። አራተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ትንሽ ድካም ብቻ ቀረ። ሚስቴ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ምንም አላለችም። ወጣሁ።

ማስክ አድርጌ ነበር። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ነበር። ከሌሎቹ ርቄ ለብቻዬ ክፍል ውስጥ ሠራሁ። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ከእኔ ማንም ይያዝ አይያዝ አላውቅም። ይህ አለማወቅ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።

መቀጮውን አውቀው ነበር። የሁለት ወር ገቢዬ ነው። ግን መቀጮው «ከተያዝክ» ነው። የልጆቹ ራት ደግሞ ዛሬ ማታ ነው። እህቴ፣ የአባትሽን ታሪክ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ሰው እኔ ልሆን እችል ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ነው የጻፍኩት፤ ባላውቅሽም።


ማዕዶት
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

መሰላል፣ ሌሊቱን አነበብኩት። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም።

እውነቱን ልንገርህ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ስልኩን አስቀምጬ ተነሣሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአባቴ ባልደረባ የወር ደመወዝተኛ ነበር። ቤት ቢቀመጥ ደመወዙ አይቆረጥበትም። የሕመም ፈቃድ ነበረው። የቀረው ነገር ቢኖር አንድ ስብሰባ ነው። ስብሰባው እንዳያመልጠው ነው የመጣው።

አንተና እሱ አንድ አይደላችሁም። እስከ ትናንት ድረስ ይህን ለይቼው አላውቅም ነበር። ለእኔ ሁሉም «ደንብ የጣሰ» ነበር። አሁንም ያ ሰው ቢጠየቅ እወዳለሁ። አንተን ግን የሚቀጣ ሕግ ቢመጣ ፊርማዬን አላኖርበትም።

ይቅርታ የጠየቅኸኝን ተቀብያለሁ። ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ።


ስሌት
ረቡዕ፣ ረፋድ 4፡45

ከላይ ያለውን አንብቤ አልቅሻለሁ። አሁን ግን ወደ ቁጥሩ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም የመሰላል ታሪክ በቁጥርም ይታያል።

ምጣኔ ሀብት ነው ያጠናሁት። ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በእስራኤል ሃይፋ ከተማ አሥር የሕፃናት ማቆያዎችን ተከታተሉ። ልጃቸውን ዘግይተው የሚወስዱ ወላጆች ነበሩ። በስድስቱ ማቆያዎች ላይ ትንሽ መቀጮ ተጣለ። ምን ሆነ? የሚዘገየው ሰው በዛ። እጥፍ ያህል ሆነ። መቀጮው ሲነሣ እንኳ ቁጥሩ አልቀነሰም። ለምን? ድሮ መምህሯን ማስጠበቅ ነውር ነበር። መቀጮው ሲመጣ ነውርነቱ ቀረ፣ አገልግሎት ሆነ። «ከፍዬ እዘገያለሁ» ነው ነገሩ።

በወረርሽኝም ያው ነው። ገንዘብ ላለው ሰው የመቀጮው ወረቀት የመግቢያ ትኬት ይሆናል። እንግሊዝ ከኦገስት 2020 መጨረሻ ጀምሮ ከ30 ሰው በላይ የሰበሰበን አዘጋጅ 10,000 ፓውንድ መቅጣት ጀመረች። ለአንዱ ያ የዓመት ገቢ ነው፣ ለሌላው የአንድ ምሽት ትርፍ። ለተማሪውም ለባለ ክለቡም ግን አንድ ነው። ፊንላንድ ለፍጥነት ጥፋት የምትጠቀምበት መንገድ ይሻለኛል። መቀጮው እንደ ገቢህ ነው። ሀብታሙም ድሀውም እኩል ያማቸዋል።

ደግሞ ተጣምረው መምጣት ያለባቸው ነገሮች አሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 28፣ 2020 ተለይቶ አልቀመጥም ያለን ከ1,000 ፓውንድ ጀምሮ መቅጣት ስትጀምር፣ በዚያው ቀን ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የ500 ፓውንድ ድጋፍ ጀምራለች። ሐሳቡ ትክክል ነው። ቅጣቱና ድጋፉ አንድ ቀን መወለዳቸውን ወድጄዋለሁ። የእኔ ቅሬታ ሚዛኑ ላይ ነው። መቀጮው ከድጋፉ እጥፍ ነበር። እኔ ብሆን ገልብጬ ነበር የማደርገው።


አንቀጽ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡10

ስሌት፣ በጣም ጥሩ አድርገሽ ነው ያስቀመጥሽው። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

አንደኛው እስር ነው። ተላላፊ በሽታን በእስር መቅጣት ከራሱ ጋር የሚጣላ ነገር ነው። «አትሰብሰቡ» ብለህ፣ የተሰበሰበውን ይዘህ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ሰው ታጉራለህ። በኬንያ ሰዓት እላፊ የጣሱ ሰዎች በቅጣት መልክ ለይቶ ማቆያ እንዲገቡ ተደርገው ነበር። ጤነኛው ሰው ታመው ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ማለት ነው። ለይቶ ማቆያ እስር ቤት ከመሰለ የታመመ ሰው በፈቃዱ ይመጣል? በፊሊፒንስ ሰዓት እላፊ ያለፉ ልጆችን የውሻ መያዣ ውስጥ የከተቱ ባለሥልጣናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ደግሞ እዚያው አንድ ሰው ውሃ ሊገዛ ወጥቶ ተያዘ። ተቀመጥ ተነሣ እንዲሠራ ተገደደ፣ ሦስት መቶ ጊዜ ያህል። በሁለተኛው ቀን ሞተ። በናይሮቢ ከቤቱ በረንዳ ላይ የቆመ የ13 ዓመት ልጅ ሰዓት እላፊ በሚያስከብር ፖሊስ ጥይት ሞቷል። ይህን የምጽፈው እንዳንረሳ ነው። ሰው ከበሽታ ይጠበቅ ተብሎ በወጣ ደንብ ሰው ተገደለ።

ጣሊያን ቶሎ ነቅታለች። መጀመሪያ በወንጀል ሕግ ነበር የምትከሰው። ሰዉ ሁሉ የወንጀል መዝገብ ሊከፈትበት፣ ፍርድ ቤቱም ሊጨናነቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 መጨረሻ ወደ አስተዳደራዊ መቀጮ ቀየረችው፣ ከ400 እስከ 3,000 ዩሮ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ሆስፒታል አልገባም ያለን በሽተኛ በእስር ለመቅጣት ረቂቅ አቅርባ ነበር። ተቃውሞ በዛ። እስሩ ወጥቶ መቀጮ ብቻ ቀረ።

ለዚህ ሁሉ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በጣሊያን ሲራኩሳ የሕግ ባለሙያዎች ተሰብስበው ያረቀቁት ነው። የሰውን መብት የሚገድብ እርምጃ በሕግ የተጻፈ ይሁን፣ የግድ የሚያስፈልግ ይሁን፣ ካሉት ሁሉ የቀለለው ይሁን፣ አድልዎ አይኑርበት። «የቀለለው» የምትለዋ ቃል ላይ አስምሩልኝ።

ሁለተኛው መሪዎች ናቸው። ከንቲባውን አስታወሳችሁ? መቶ ዓመት ቆይቶ ያው ታሪክ ተደገመ። የያኔዋ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ 60ኛ ዓመታቸውን ከቤተሰብ ጋር አከበሩ። የተፈቀደው 10 ሰው ነው፣ እነሱ 13 ነበሩ። ፖሊስ 20,000 ክሮነር ቀጣቸው። እንዲህ ባለው ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንደማይቀጣ ፖሊስ ራሱ ተናግሯል። ገደቡን ሲያስተዋውቁ የነበሩት እሳቸው ስለሆኑ ግን አላለፋቸውም። እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው ከፈሉ። በለንደን ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትና አካባቢው ለተደረጉት ግብዣዎች ለ83 ሰዎች 126 የመቀጮ ወረቀት ተጻፈ፣ ቦሪስ ጆንሰንን ጨምሮ። ግን ያ የሆነው ብዙ ቆይቶ፣ ብዙ ተክዶ ነው። ሕዝቡ በዚያ ሰሞን የእናቱን አልጋ ዳር መቆም ተከልክሎ ነበር። ያን ቁጣ መቀጮው አላበረደውም።


ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ማታ 1፡55

አንቀጽ ልጄ፣ የኖርዌዩን ፖሊስ አመሰግናለሁ። ያን ወረቀት መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ትልቁን ሰው ሲቀጡ ያየ ሕዝብ መንገድ ላይ ስታስቆመው አይሰድብህም። እኛ ዘንድ ተሰድቤያለሁ። «መጀመሪያ ሂድና እነሱን ቅጣ» ተብያለሁ። መልስ አልነበረኝም።


ሰላምታ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

ተረኛዋ ጠፋሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ስልክ ላይ የሰበሰብሽው መረጃ ፖሊስ ጋ ይሄድ ነበር?


ተረኛዋ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡30

ተረኛ ነበርኩ፣ አሁን ነው የገባሁት። ሁሉንም አንብቤዋለሁ። መሰላልና ማዕዶት፣ የጻፋችሁትን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።

ሰላምታ፣ የጠየቅሽኝ ዋናው ነገር ነው። በእኛ በኩል ይሂድ አይሂድ በግልጽ የነገረን አልነበረም። እኛ ራሳችን ካላወቅን ለሰውዬው ምን ብዬ ቃል ልግባለት? ይህ ነገር ሌላም ቦታ አጋጥሟል። ሲንጋፖር ሰዉ ማን ከማን ጋር እንደቆየ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ ነበራት። መረጃው ለንክኪ ክትትል ብቻ ነው ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2021 ፖሊስም ለወንጀል ምርመራ ሊያየው እንደሚችል ፓርላማ ላይ ተነገረ። ሰዉ በጣም ተቆጣ። በወሩ አዲስ ሕግ አውጥተው ለከባድ ወንጀሎች ብቻ አጠበቡት። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ፖሊስ ማን ተለይቶ እንዲቀመጥ እንደተነገረው ጠይቆ ማወቅ እንዲችል ተደረገ። ሐኪሞች ሰው ምርመራ ይሸሻል ብለው ሠጉ። ሥጋታቸው በደንብ ይገባኛል፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ላይ ቆርጫለሁ። ነርሷና ቀጪው መሀል ግንብ ያስፈልጋል። ለጤና ባለሙያ የተነገረ ነገር ቅጣት ላይ እንዳይውል በሕግ ይጻፍ። ነርሷም ስልኩን ስታነሣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ ያ ይሁን። ቅጣቱ ይኑር፣ ማዕዶት ልክ ናት። ግን እያወቀ፣ መቀመጥ እየቻለ፣ ለወጣው ሰው ይሁን። አሠሪውም አይረሳ። መሰላልን «ሌላ ሰው አስገባለሁ» ያለውን ሰው ማነው የጠየቀው? እኔ ሕግ ባወጣ ከእሱ ነበር የምጀምረው።


ማዕዶት
ረቡዕ፣ ማታ 4፡45

ያ ሰውዬስ? «ብቻዬን ነኝ» ያለሽ። ልጆቹ ምን ሆኑ?


ተረኛዋ
ረቡዕ፣ ማታ 5፡05

ስልኩን አልዘጋሁበትም። ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ መልሼ አድርጌው «እሺ፣ ስለ ጎረቤት ልጆች እንነጋገር» አልኩት። «ስም አልጽፍም። ዕድሜያቸውን ብቻ ይንገሩኝ። የሚያስል አለ? ትኩሳት ያለበት አለ?»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ትልቁ ሰባት ነው። ትንሿ ሁለት። አያታቸውም አለች፣ እሷ ስኳር አለባት» አለኝ።

አያትየዋን በየትኛው ክፍል እንደሚለዩዋት፣ በሩን እንዴት እንደሚዘጉ፣ መስኮቱን መቼ እንደሚከፍቱ ነገርኩት። እየጻፈ ነበር፤ እስክሪብቶው ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ዝርዝሩ ላይ «ብቻውን» ብዬ ሞላሁ። ያን ማድረግ አልነበረብኝም፣ ደንብ ነው የጣስኩት። በየሁለት ቀኑ በራሴ ስልክ ደወልኩለት። ሁለቱም ልጆች ታመሙ፣ ዳኑ። አያትየዋን አልያዛትም። በመጨረሻ ስደውል ስልኩን ያነሣችው እሷ ናት።